ከወባ እና ለወባ

ግቢያችን ውስጥ ያለውን ኒም የተከልኩት እኔ ነኝ። ችግኙ የመጣው ከከሚሴ ችግኝ ጣቢያ ነው። ያን ጊዜ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች መሀል ተቀምጬ መስተዋድድ እማር ነበር፤ ስለዚህ የሰው አነጋገር ጆሮዬ ላይ ይቀራል። ችግኙን ያደለን የግብርና ሠራተኛ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህ ዛፍ ከወባ ይጠብቃል።» ቅጠሉ ሲጤስ ትንኝ ያባርራል ማለቱ ነበር። ነገሩ ከችግኝ ጣቢያው ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ ግን አንዲት ፊደል ተለወጠች። «ከወባ» የነበረው «ለወባ» ሆነ። ዛፉም ስም ወጣለት፤ ሙከ ቡሳ፣ የወባ ዛፍ። ለወባ ከሆነ ደግሞ ይጠጣል።

ኒም ብዙ አያስቸግርም። የመጀመሪያውን በጋ ውኃ ካጠጡት በኋላ ራሱን ይችላል፤ መራራ ስለሆነ ፍየልም አይደፍረውም። እናቴ ቀንበጡን ለመፋቂያ፣ እርጥብ ቅጠሉን ለጭስ፣ ጥላ ላይ የደረቀውን ደግሞ ለማሽላው ጎተራ አዋለችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድም ቀን ተቃውሜያት አላውቅም።

አንድ መስከረም፣ የጨፋ ሜዳ ውኃ አቁሮ ትንኙ በበዛበት ጊዜ፣ የወንድሜ ሚስት ታመመች። እርግዝናዋ አምስት ወር ገብቶ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ስለወረደባት ቤተሰቡ በሙሉ ስለ እሷ በስጋት ነበር የሚኖረው። ወንድሜ ከብት ሊሸጥ ሰንበቴ ሄዷል። ከጎረቤት ስመለስ እሷ ፀሐይ ላይ ጋቢ ተከናንባ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ እናቴ አጠገቧ ቅጠል ወቅጣ ትጨምቃለች። ጣሳው ውስጥ አረንጓዴ ውኃ አለ።

«ማን ሊጠጣው ነው?» አልኩ።

«ቡሳ የያዛት።»

«እማ፣ እርጉዝ ይህን አትጠጣም። ያስወርዳል ይላል።»

«ማነው የሚለው?»

«የትምህርት ቤት መጽሐፌ።»

እናቴ ቀና እንኳ አላለችም። «መጽሐፍሽ ስንት ወልዷል? እኔ ሰባት ወልጃለሁ።»

የታመመችው ዓይኗን ከአንዳችን ወደ አንዳችን ታመላልሳለች። «እማ ካሉ እጠጣዋለሁ» አለች። «ብቻ ይህ ብርድ ይተወኝ።»

«ባጃጅ ልጥራና ጤና ጣቢያ እንውሰዳት።»

«እንሄዳለን። መጀመሪያ ይህን ትጠጣ።» ጣሳውን አነሳች። «በይ ኢንተላ፣ በይ ልጄ፣ ቢስሚላህ በይ።»

የእናቴን እጅ መያዝ አልደፈርኩም። ስለ መስተዋድድ ባወራም የሚሰማኝ የለም። ጎተራው ፊት ለፊቴ ነበር።

«እማ፣ ይህን ቅጠል ማሽላው ውስጥ ለምንድነው የምትጨምሪው?»

«አሁን የማሽላ ወሬ ነው የቸገረሽ?»

«ብቻ ንገሪኝ።»

«ነቀዝ እንዳይወልድ ነዋ።»

ጣሳው አየር ላይ ቆመ። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ መልሶ ጆሮዋ ሲገባ አየሁት። ጎተራውን አየች፤ ከዚያ የምራቷን ሆድ አየች። ጣሳውን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው።

«ሂጂ ጥሪ» አለችኝ።

ባጃጁ ውስጥ ምራቷን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሾፌሩን «ልጄ፣ እንቁላል ነው የጫንከው» ትለዋለች። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተራ ስንጠብቅ ወደ እኔ ዞረች።

«ችግኙን የሰጠን ሰውዬ ለወባ አላለም?»

«ከወባ ነው ያለው።»

ነርሷ የታማሚዋን ጣት ወግታ ደም ወሰደች፤ ወባው ተገኘ። ኪኒኑን ከማዘዟ በፊት «ቤት የወሰደችው ነገር አለ?» አለች። «የለም» ልል አፌን ስከፍት እናቴ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና «ጠዋት አንድ ጉንጭ» አለች። እኔ ከጎረቤት ሳልመለስ አጠጥታታለች ለካ። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ቁርጠት ወይም ደም ካየች ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት ብላ አሰናበተችን።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ጠዋት ጠዋት ከሰላምታ በፊት በምራቷ በር ላይ ሆና «ይንቀሳቀሳል?» ትላለች። «ይንቀሳቀሳል» ስትባል «አልሐምዱሊላህ» ብላ ትገባለች። አንድ ጠዋት መልሱ ዘገየ። እናቴ መድረኩን ሳትሻገር ቀረች። እኔም ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ እጄ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«ተኝቶ ነው መሰለኝ» አለች የወንድሜ ሚስት ከውስጥ። ትንሽ ቆይታም «ይኸው፣ ረገጠኝ።»

እናቴ አልገባችም። እዚያው መድረኩ ላይ ቁጭ አለች።

ጥር ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ስለዚያች ጉንጭ ከእናቴ ጋር ተነጋግረን አናውቅም። በሚቀጥለው ክረምት መውጫ ግን አንዲት ጎረቤታችን ትኩሳት ይዟት ቅጠል ልትለምን መጣች።

«ለጭስ ከሆነ ውሰጂ» አለቻት እናቴ። «ለመጠጥ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ዛፉ ከወባ ነው እንጂ ለወባ አይደለም።»

«ምን ልዩነት አለው?»

እናቴ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «እሷን ጠይቂያት። መጽሐፍ የወለደች እሷ ናት።»