የማይረግም አፍ

አባቴን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥጥ ነው። አቃቂ ያደገ ሰው ይገባዋል። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሚወጣው ብናኝ ጠዋት ጠዋት ከወንዙ ጉም ጋር ተደባልቆ ሲንሳፈፍ፣ ቤቱም ዛፉም መሬት የለቀቀ ይመስል ነበር። አባባ ከፋብሪካው ጥበቃ ተራቸው ሲመለሱ በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ መጀመሪያ ባርኔጣቸው፣ ቀጥሎ ትከሻቸው፣ በመጨረሻ እግራቸው ብቅ ይላል። ቅንድባቸው ላይ ጥጥ አርፎበታል። «ዛሬም ኮሪያ ዘነበብኝ» ይሉና ይስቃሉ።

ኮሪያ ዘምተዋል። በደርግ ጊዜ ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አልነበረም፤ የንጉሡ ወታደር መባል ራሱ ያስፈራ ነበር። እሳቸውም ስለ ጀግንነት አያወሩም። የሚያወሩት ስለ በረዶው ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ስለመውረዱ፣ ኮረብታውን ስለመዋጡ፣ ሰው እንደቆመ ስለማንቀላፋቱ። ሳዳምጣቸው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ስለነበር፣ እስከ ዛሬ የቱን እሳቸው እንደነገሩኝ የቱን እኔ እንዳለምኩት መለየት ያቅተኛል።

በአንዱ ግን አልሳሳትም። አንድ ማታ ከማዶ ሆኖ የሚተኩስባቸውን ሰው፣ የሚያውቁትን እርግማን ሁሉ እያወረዱበት አመሹ። ጠዋት ኮረብታውን ሲይዙ አገኙት። ጢም ያላወጣ ልጅ ነበር፤ ጓንት የለውም፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ እንደከተተ ደርቆ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ከአባባ አፍ እርግማን ወጥቶ አያውቅም። በቤታችንም ክልክል ነበር። እናቴ የተሰጣ እህሏን የምትበላባትን ዶሮ «ድፍት ያድርግሽ» ብትል እንኳ፣ «ተይ፤ እርግማን ማደሪያ ሲያጣ ወደ ላኪው ቤት ይመለሳል» ይሏታል።

ምርቃት ሲሆን ግን አይነፍጉም። የሚያገባ፣ መንገድ የሚሄድ፣ ፈተና ያለበት ሁሉ ይመጣል። አዲስ መኪና የተረከበ ሾፌር ሳይቀር ሞተሩን ሳያጠፋ በራችን ላይ ቆሞ ተመርቆ ይሄዳል። የአቃቂ ሰው በአባባ ምርቃት ያምን ነበር፤ እኔም አምን ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ታናሽ ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ደረሰው። ወላጆቼ ያላቸው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቤታችን መጣ። ይህ ሰው በውይይት ክበብ ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው እያለ ሲያዛጋን የኖረ ነው፤ እርግማን ሲያስፈልገው ግን ሽማግሌ ፍለጋ ወጣ።

«አባባ» አለ ቆቡን አውልቆ፣ «በሽኝቱ ቀን ልጆቹን ይመርቁልን፤ ወንበዴውን ደግሞ ይርገሙልን። ሕዝቡ የእርስዎን አፍ ያምናል።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፤ «ልጅዎ እዚሁ ቃሊቲ መጋዘን እንዲመደብ እኔ እነጋገራለሁ።»

አባባ «እግዜር ያውቃል» ብለው ሸኙት።

በሩ ሳይዘጋ እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ሁለት ቃል እኮ ናት! ለልጄ ሲሉ ሁለት ቃል! ሆድዎን እንደሆነ ፈጣሪ ያየዋል።»

«ማዶስ እናት የለችም?» አሏት።

«እኔ የማዶዋን እናት አላውቃትም!»

እኔም በልቤ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። ወንድሜ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሁሉንም እየሰማ ጫማውን ይወለውላል።

የሽኝቱ ጠዋት ጉሙ ገና አልተነሳም። ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ባለው ሜዳ የቆሙት የጭነት መኪኖች ጎማቸው አይታይም፤ ላያቸው ላይ የተጫኑት ልጆች አየር ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። መፈክሩ ተባለ፣ ተጨበጨበ። ሊቀመንበሩ የድምፅ ማጉያውን ሲሰጣቸው አባባ በእጃቸው መለሱለት። መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ልጆቼ፣ ሂዱና በሰላም ተመለሱ። እግራችሁን ከእንቅፋት ይጠብቀው፤ ከክፉ ይሰውራችሁ። እናንተንም፣ ማዶ ያሉትንም፣ ለየእናቶቻችሁ ያብቃችሁ።»

እርግማኑ ሲጠበቅ እጃቸውን አጠፉ። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ የአንዲት ሴት «አሜን» ተሰማ፤ ሌላዋ ተቀበለች፤ ሜዳው በሙሉ አሜን አለ። ዞሬ እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች፤ ከንፈሯ አይታየኝም።

ሊቀመንበሩ አባባን አላሰራቸውም። ሜዳ ሙሉ ሕዝብ አሜን ያለላቸውን ሰው ማሰር ከብዶት ይሆናል። የመጋዘኑን ነገር ግን ዳግም አላነሳም፤ ወንድሜ ከሌሎቹ ጋር ወደ ሰሜን ሄደ።

ጊዜ አለፈ። ልጆቹ አንዳንድ እያሉ፣ ከስተውና ጠቁረው መመለስ ጀመሩ። እናቶቻቸው በመጀመሪያ የሚያመጧቸው ወደኛ ቤት ነበር። «ይኸው፣ የለመኑልኝ ልጅ መጣ!» ይላሉ። አባባ የልጁን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ ያዩታል። አንዱ ግን የመጣው የወንድሜን መርዶ ይዞ ነበር።

ከመርዶው በኋላ እናቴ ምሳቸውን ታቀርብላቸውና ፊቷን ታዞራለች። ለቅሶዋን የምታለቅሰው ጓሮ ሄዳ ነው። ጎረቤቱም አዘነልን፤ ልጅ የተመለሰለት ሁሉ በእኛ በር አላልፍ አለ፣ በሐዲዱ በኩል እየዞረ ያስገባል። ይህን እናውቅ ነበር። ማንም አያነሳውም።

አንድ እሁድ ጠዋት ከወዲያ ማዶ ካለው ቤት እልልታ ተነሳ፤ ወዲያው መሃሉ ላይ ተቋረጠ። የአንዲቷን አፍ ሌላዋ እንዳፈነችው ገባን።

አባባ ብድግ ብለው ጋቢያቸውን ለበሱ። «የለመንኩትን ልጅ ይደብቁኛል?» አሉ። ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ልየው እንጂ!»

በሩ ጋ ሲደርሱ እናቴ ከመደቡ ተነሳች። ነጠላዋን ፈለገች።

«ይጠብቁኝ» አለቻቸው። «እኔም እኮ አሜን ብያለሁ።»

አባባ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።