ከእናት ከአባቴ የደረሰኝ

ከቢቸና የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ አላለቀሰችም። ድርቆሽና በሶ ስትቋጥርልኝ አምሽታ፣ በር ላይ አገላብጣ ሳመችኝና «ብቻ ኑሪልኝ» አለችኝ። ለምን እንዲህ እንዳለችኝ ገብቶኛል። ባሌን በትውልድ አገሩ ሞጣ ከቀበርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔም የኤችአይቪ ቫይረስ በደምሽ አለ ተብያለሁ።

ባሌ እንደሞተ አከራያችን፣ ከቤቴ ሁለተኛ ሬሳ አይወጣም ብላ አስወጣችኝ። እኔ ግን ወፈርኩ እንጂ አልከሳሁም። ያኔ መድኃኒት የሚሰጠው በሽታ የመከላከል አቅሙ ለወረደ ሰው ነበር፤ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር በሄድኩ ቁጥር መርምራኝ፣ ሲዲፎርሽ፣ የመከላከያ ሴልሽ ቁጥር፣ ደህና ነው እያለች በፈገግታ ትሸኘኛለች። ያቺው አከራይ ደግሞ፣ ምን አድርጋ ነው የማትሞተው እያለች ታስወራብኝ ጀመር። ትታመማለች ብለው የሸሹኝ ሰዎች፣ አልታመም ስል ፈሩኝ። መሄድ የቆረጥኩት ያኔ ነው።

ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ባሕሩን ያለፈበት ያውቀዋል፤ ላላለፈበት ባላወራው ይሻላል። ብቻ ስዊድን ገባሁ። ብርዷ የጮቄ ተራራን ውርጭ ቆላ ያስመስለዋል። ክኔከብሮድ የሚሉት ደረቅ ቂጣ አላቸው፤ ድርቆሽ መስሎኝ በሽሮ ባርሰው፣ አብራኝ የምትኖረው ሶርያዊት በሳቅ ሞተች።

የስደተኞች ቢሮው ሰውዬ ግን አይስቅም። አንዱ የምርመራ ውጤት ቫይረሱ አለባት ይላል፤ ሌላው በደሟ ውስጥ ቫይረሱ አልታየም ይላል። ሁለቱን ሲያገላብጥ ቆይቶ በአስተርጓሚ፣ «ታዲያ የትኛዋ ነሽ?» አለኝ።

«ሁለቱም ነኝ ጌታዬ» አልኩት።

ግራ ሲገባው ሆስፒታል ላከኝ። እግዜር ይስጠው።

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ፣ እንደ እህት ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ቫይረሱ የገባበት ሴል የቫይረሱን ቁራጭ አውጥቶ በላዩ ላይ ያሳያል፤ ያንን ያዩ የሰውነት ወታደሮች ሴሉን ይገድሉታል። የትኛው ቁራጭ እንደሚታይ የሚወስነው ከእናትና ከአባት የሚወረስ ጂን ነው። የኔ ጂን የሚያሳየው፣ ቫይረሱ ልለውጠው ቢል ራሱ የሚዳከምበትን ቁራጭ ነው። ስለዚህ መልኩን ቀይሮ ማምለጥ አቃተው። አንደኛው ምርመራ ሰውነቴ ለቫይረሱ የሠራውን መከላከያ ስላየ አለባት አለ፤ ሌላው ራሱን ቫይረሱን ሲፈልግ ከማነሱ የተነሳ አጣው። ጂኑ ያለው ሰው ሁሉ ግን እንዲህ አይሆንም፤ ከኔም ቫይረሱ ጨርሶ አልጠፋም። ስለዚህ መድኃኒቱን ጀመርኩ። መድኃኒቱን የምትወስዱ እናንተም እሷ ሳትውጥ ኖራለች ብላችሁ እንዳታቋርጡ፤ የኔ ዕድል እንጂ ጉብዝና አይደለም።

እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። እስካሁን ያቆየኝ ከአንቺና ከአባዬ የወረስኩት ነው አልኳት። እልል ትላለች ስል የታናሽ ወንድሜን ስም ጠራች። እሱ ያረፈው በዚሁ በሽታ ነው።

«ለሱ ሳልሰጠው ቀርቼ ነው?» አለች።

እያንዳንዱ ልጅ የጂኑን ግማሽ ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ እንደሚወስድ፣ የትኛው እንደሚደርሰው ግን ሰጪም ተቀባይም እንደማይመርጥ ነገርኳት።

«አንቺን አስቀርቶልኛል፤ ተመስገን» አለች በመጨረሻ።

እኔም ተመስገን አልኩ። ከዚያ በኋላም ስልኩን ሁለታችንም አልዘጋነውም።