በጥምጥም ሥር የዋለው ኮፊያ

ልጅ ሳለሁ ካርቱም ዴም በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ የተሰፋ ልብስ ከሱቅ ገዝቶ የሚለብስ ሰው ለእኔ ባለጸጋ ነበር። እኛ ቤት የሚገባው ጨርቅ እንጂ ልብስ አልነበረም። እናቴ ተቀጥራ የምትሠራላቸው ሱዳናዊት እመቤት መጋረጃ ወይም አንሶላ ሲቀይሩ አሮጌውን ይሰጧታል፤ እሷም አጥባና ተኩሳ፣ በእጅ በምትዞረው የስፌት መኪናዋ ለሁላችንም ታዳርሰዋለች። አንድ ዓመት ቡናማ ቅጠል ያለበት መጋረጃ የእኔ ቀሚስ፣ የወንድሞቼ ሸሚዝና የትራሱ ልብስ ሆነ። አልጋው ላይ ተደርድረን ስንቀመጥ አባቴ በሩ ላይ ይቆምና «ሱብሃነላህ! ልጆቼ የት ሄዱ? ትራስ ብቻ ነው የሚታየኝ» ይለን ነበር።

የመኪናዋ ዘይት ሽታና የጋለው የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚያወጣው ሽታ እስከ ዛሬ ከረመዳን መጨረሻ ጋር አብረው ይመጡብኛል። ያን ጊዜ እናቴ ለኢድ ትጣደፋለች። ቁልፍ እንድተክል፣ ጠርዝ እንዳጥፍ ትሰጠኛለች። መርፌዬን አርዝሜ ስወጋ ካየች ደግሞ ከሥራዋ ቀና ሳትል «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትለኛለች። ከወሎ ይዛው የመጣችው ቅርስ ያ አባባልና መኪናዋ ይመስሉኝ ነበር። እኔ ራሴ አገሬን ለቅቄ ካርቱም የገባሁት በጀርባዋ ታዝዬ ስለሆነ፣ ወሎን የማውቀው በእሷ አፍ ነው።

የነገሩ መነሻ ትምህርት ቤት ነው። አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ሱዳናዊት ልጅ በየረፍቱ ነጭ ክር አውጥታ ለአባቷ ኮፊያ ትሠራ ነበር። ጣጊያ ነው የሚሉት እነሱ። የሱዳን ሴቶች ልጆች ለአባታቸው፣ ለወንድማቸው በእጃቸው ሠርተው ለኢድ ይሰጣሉ። አንድ ቀን ክሯን እየጠቀለለች «ለአንቺ አባትስ ማን ይሠራለታል?» አለችኝ። ለክፋት አልነበረም። እኔ ግን የአባቴ ኮፊያ ታየኝ። አባቴ ግንበኞች ሥር ሲሚንቶ የሚያቦካ ሰው ነበር። ኮፊያው ከላብና ከአቧራ ብዛት የሻይ ቀለም ይዞ፣ ጠርዙ ተበልቶ ነበር። አፈርኩ። የዚያን ዓመት ኢድ አባቴ እኔ የሠራሁለትን አድርጎ እንደሚሰግድ ለራሴ ማልኩ።

ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። በእኛው ግቢ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ባለችው ክፍል እትዬ አስካለ ትኖር ነበር። የጎንደር ሰው ናት፤ ቀን አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች፣ ማታ ማታ በርጩማ አውጥታ ለሰው የነጠላና የቀሚስ ጥልፍ ትጠልፋለች። እሷ ክርስቲያን፣ እኛ እስላም ነን። በበዓል ሥጋ አንቀያየርም እንጂ ሌላ የማንቀያየረው ነገር አልነበረም። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ በቁራጭ ጨርቅ ላይ መውጋት አስተማረችኝ። «እጅሽ ቀሊል ነው፤ አታጨናንቂው፣ ክሩም ይተንፍስ» ትለኝ ነበር። ምን ልትሠሪበት ነው ስትለኝ ለትምህርት ቤት አልኳት። ለማንም ሳልናገር፣ ሁሉም አንድ ላይ እንዲደነቅልኝ ነበር ሐሳቤ።

ከእሷ ጥልፎች ሁሉ አንዱ ልቤን ወስዶት ነበር። መሐሉ ላይ ትንሽ ሽንብራ የምታህል ዓይን አለች፤ ከእሷ በአራት በኩል ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ጫፋቸው ላይ ሦስት ሦስት እንቡጥ ያፈራሉ። ከዚያ በላይ የሚያምር አበባ አላየሁም አልኩ። መስቀል የማውቀው እትዬ አስካለ አንገት ላይ በጥቁር ክር የሚንጠለጠለውን፣ ሁለት ቀጫጭን እንጨት የተነባበረበትን ነው። ያንና ይህን አንድ ብሎ ማሰብ በሐሳቤም አልመጣ። ክሩን አረንጓዴ መረጥኩ፤ የመስጊድ ቀለም ነውና የአባቴ ሶላት ያምርበታል ብዬ።

ከአሮጌ አንሶላ ቁራጭ በእሱ ኮፊያ ልክ ቆርጬ፣ ከታንከሩ ጀርባ ተደብቄ ረመዳኑን ሙሉ ጠለፍኩ። መርፌው ሲወጋኝ ጣቴን ልምጠው እልና ጾሜ ይፈርስ ይሆን ብዬ ደሙን በቀሚሴ እጠርጋለሁ። ያኔ ገና ግማሽ ቀን ነበር የምጾመው። አበቦቼ ዙሪያውን እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲዞሩ ሳይ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በሥራዬ ኮራሁ።

የኢድ ጠዋት አባቴ ታጥቦ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ሊወጣ ሲል ሰጠሁት። ዘርግቶ አየው። ቀና ብሎ እናቴን አየ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ መደነቋ መሰለኝ። አባቴ ኮፊያውን ራሱ ላይ አደረገና «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ «መጣሁ» ብሎ ወደ ጎረቤታችን ወደ ዓሚ ዑስማን ወጣ። ዓሚ ዑስማን ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው። ሲመለስ እሳቸው የሚጠመጥሙትን ዓይነት ትልቅ ነጭ ጥምጥም ጠምጥሞ ነበር፤ እስከ ጆሮው ድረስ። ከአበቦቼ አንድ ቅጠል እንኳ አይታይም።

ሜዳው ላይ ሲሰገድ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ያን ጥምጥም ብቻ ነበር የማየው። በሕይወቱ ጠምጥሞ አያውቅም። ዛሬ ምን ሆነ? የእኔ ሥራ አሳፍሮት ነው። ከዚህ ሌላ ምክንያት ለልጅ ልብ አይገኝም። ለካ እናትና አባቴ እስከ ነገ ላይነግሩኝ፣ ኢዴን ላያበላሹብኝ በዓይን ተግባብተው ነበር።

ከሶላት በኋላ ወንዶቹ እንደ ወጉ ሳጃና ሰፈር፣ የወሎ ሰዎች ሁሉ ታላቃችን ወደሚሉት ሐጂ ሰይድ ቤት ሄዱ። ልጆች እጅ እናስታጥባለን። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ በረድፉ ስዞር፣ አያ ይመር የሚባል፣ ተረበኛነቱ ግቢውን ሁሉ የሚያስቀው የአባቴ ጓደኛ ጀመረ።

«አሊ! ምነው ራስህን በአንሶላ ጠቀለልከው? ካርቱም ላይ ብርድ የመታው የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ፣ ወላሂ!»

«ተወው፣ የለየለት ሱዳናዊ፣ ዞል ሆኗል። ከዛሬ ጀምሮ በዓረብኛ ካልሆነ አያናግረንም» አለ ከጎኑ ያለው።

አባቴ ፈገግ አለና «ራሴን ትንሽ አሞኝ ነው። ጠበቅ ሲያደርገው ይሻለኛል» አለ።

ጠዋቱን ሙሉ ይዤው የዞርኩት ነገር ፈነዳ። «አላመመውም! ውሸቱን ነው! የሠራሁለትን ኮፊያ አፍሮበት ደብቆት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ማንቆርቆሪያው ተዘነበለና ውሃው የአንዱን ሰውዬ ጀለቢያ አራሰው።

አባትን በሰው ፊት ውሸታም ማለት፣ ያውም በኢድ ቀን! ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁሉም ይቆጣኝ ነበር። ሐጂ ሰይድ ግን ልጅ ይወዳሉ፤ ፊታቸውን ወደ አባቴ አዞሩ። «ኧረ አሊ! ልጅህ በእጇ የሠራችውን ትደብቃለህ? ይሄማ ነውር ነው። ፍታው እስቲ፣ እንመርቃት።»

«ከምግቡ በኋላ ይሁን፣ ሐጂ።»

«ምን ከምግቡ በኋላ! ያላ፣ ያላ!» አለ አያ ይመርና እጁን ወደ ጥምጥሙ ሰደደ። አባቴ እጁን ያዘው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። አፍንጫዬ ይፈሳል። ከዚያ ሲሚንቶ በሰነጣጠቀው እጁ፣ ማንም ሳይነካው፣ ራሱ ይፈታው ጀመር። ጨርቁ እጥፍ በእጥፍ ወደ ጉልበቱ ወረደ።

አረንጓዴዎቹ አበቦቼ ታዩ። እኔ ምርቃቱን እየጠበቅኩ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ። ምርቃት ግን የለም። አንዱ «አስተግፊሩላህ» አለ በቀስታ። አያ ይመር እንኳ ተረቡ ጠፍቶበት «ይሄ… መስቀል ነው እንዴ?» አለ። ያን ጊዜ አየሁት። ሰው አንዴ ካሳየህ በኋላ እንደ በፊቱ ማየት አይቻልም። አበባ የለም፤ በአባቴ ራስ ዙሪያ መስቀል በመስቀል ተሰልፏል።

ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ጨርቅ ነጋዴ «በዚህ ነው የሰገድከው?» አለው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ።

«ልጄ ናት የሠራችው» አለ አባቴ። «አበባ መስሏት ነው።»

አበባ እንደመሰለኝ ለእሱ አልነገርኩትም ነበር።

ሐጂ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «በሉ፣ ሩዙ ቀዘቀዘ፤ ቢስሚላህ» አሉ። አባቴ ኮፊያውን አውልቆ፣ ቀስ ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጥምጥሙን መልሶ አልጠመጠመም። ባዶ ራሱን በወንዶቹ መሐል ተቀመጠ። መሐል አናቱ መመለጡን፣ ፀሐይ ያላገኘው ቆዳው ነጣ ያለ መሆኑን ከቤታችን ውጪ ሰው ሲያይበት ያ የመጀመሪያ ቀን ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ አያ ይመር፣ ዝምታው ከብዶት ይሁን ምላሱ በልቶት፣ «ዲያቆን አሊ፣ ጠጋ በልና ብላ እንጂ!» አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አባቴም ሳቀ። ስሙ ግን በዚያው ቀረ። መንገድ ላይ «ዲያቆን!» ብለው ሲጠሩት እሱ እጁን አንስቶ ሰላም ይላል፤ እኔ ጀለቢያው ጀርባ እደበቃለሁ።

ማታ እናቴ ኮፊያውንና መርፌ ሰጥታኝ «ተርትሪው» አለችኝ። እትዬ አስካለ ወሬውን ሰምታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ መጣች። «ምነው ልጄ፣ ብትነግሪኝ ስንት ዓይነት ሐረግ አሳይሽ አልነበር?» ካለች በኋላ ወደ አባቴ ቀና ብላ ማየት አቃታት። «አያ አሊ፣ አፈር ልብላ።»

«ኧረ እህቴ፣ ምን አጠፋሽ?» አላት። «እንደ ዘንድሮ የተሳቀበት ኢድ የለም።»

እሷ ክሩን ከሥር ታነሳልኛለች፣ እኔ እስባለሁ። የራሷን መስቀል በመርፌ ስትነቅል ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ምን እንደምትል አልጠየቅኳትም። ክሩ አለቀ። አንሶላው ግን አሮጌ ነበርና መርፌው የወጋበት ሁሉ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። ብናጥበው፣ ብንተኩሰው አልገጥም አለ። አባቴ በነጋታው እሱን አድርጎ ሥራ ሄደ፤ ከዚያም መስጊድ፤ እስኪቀደድ ድረስ። ፀሐይ በጎን ስትመታው ነቁጦቹ በአራት በኩል ወጥተው ይታዩኝ ነበር።

አድጌ፣ እሱም ሸምግሎ አልጋ ላይ ሳለ ጠየቅኩት። «አባ፣ ያኔ አልፈታም ብትል ማን ያስገድድህ ነበር?»

«አንቺ እኮ አፍሮብኛል አልሽ» አለኝ። «የእነሱ ወሬ ያልፋል።»

አባቴ፣ አላህ ይዘንለት፣ ያረፈው እዚሁ ካርቱም ነው። በኢድ ቀን፣ ስለ እኔ ብሎ ራሴን አሞኛል ያለውን ጌታዬ እንዲያልፍለት ዱዓ ሳደርግ ውሸቱን ነው ያልኩበት የገዛ ድምፄ ይሰማኛል፤ መስገጃው ላይ ፊቴ ይግላል።

በኋላ ካርቱም ላይ የመጣው ጦርነት ሰዉን ሁሉ በተነው። ሳጃና የነበሩት የት እንደደረሱ አላውቅም፤ እኔ ወደ ካርቱም ከተመለሱት ጥቂቶች አንዷ ነኝ። አሁን አል-ሳሃፋ ሰፈር ተከራይቼ የትምህርት ቤት ልብስ እሰፋለሁ። ስፌቴ ጥብቅ ነው ይላሉ። ጥልፍ ግን አልነካም። ለልጄም ቢሆን ምንም ጌጥ የሌለው ሜዳ ቀሚስ ነው የምሰፋላት፤ «እማ፣ ይሄ እኮ የሆስፒታል ልብስ ነው የሚመስለው! አንድ አበባ ብታደርጊበት ምን አለ?» ትለኛለች። ኢንሻአላህ ነገ እላታለሁ፤ እጄ እምቢ ይለኛል።

ባለፈው ኢድ ነገዬ ሰለቻትና ከሱቅ በካውያ የሚለጠፍ ቢራቢሮ ገዝታ ደረቷ ላይ ለጠፈች። ያምራል አልኳት። በመጀመሪያው እጥበት ለቀቀ። ሳፋው ውስጥ ሲንሳፈፍ አንስታ ወረወረችውና እየሳቀች ሌላ ልትገዛ ወጣች። ቀሚሱን ሳሰጣ የነበረበትን ቦታ በጣቴ ፈለግኩት። አንድ ምልክት የለውም። በእኛ ጊዜ የሳተ እጅ ዕድሜ ልኩን ይታይ ነበር። ልጄን ልቅናባት ወይስ ላዝንላት፣ ገና አልለየልኝም።