ጣት ያላወቀው ፀጉር

ልጅ ሳለሁ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም ነበር። በቃሊቲ ሰፈራችን እኔን አንድ ቦታ አስቀምጦ ማቆየት የሚችል ሰው ቢኖር ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ ብቻ ነበሩ። የባቡር ሠራተኛ የነበሩት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ብዙም አያዩም። ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ የግቢውን ሴት ልጆች በየተራ ጉልበታቸው መሀል አስቀምጠው በዳሰሳ ሹሩባ ይሠሩን ነበር፤ እየሠሩም ተረት ያወሩልናል። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ኩራዝ ይለኮሳል፣ የከሰሉ ፍም ፊታቸውን ከታች ያቀላዋል፣ እኔም ጢሱ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ ለመነሣት ስቁነጠነጥ ተረቱ ይይዘኛል። ጅቡ ወደ ፍየሏ ቤት በቀረበ ቁጥር ጣታቸው ፀጉሬን ያጠብቅ ነበርና፣ የጅቡን መምጣት ከጆሮዬ በፊት የሚያውቀው የራስ ቆዳዬ ነበር።

ተራው የማን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። ፀጉራችንን ሲነኩ በየስማችን ይጠሩናል። የእኔን፣ ጥቅልልና ለስላሳ ስለነበር፣ «የበግ ግልገል» ይሉት ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ያ ጥቅልል አስጠላኝ። ያኔ ያላስጠላኝ ነገር አልነበረም፤ ሰፈሩም፣ ስሜም፣ መልኬም። የእኅቴ ሠርግ ሳምንት ሲቀረው፣ ሳሪስ ፀጉር ቤት ሥራ የጀመረች ጓደኛዬ ፀጉር የሚያነጣ ብሊችና ወርቃማ ቀለም ይዛልኝ መጣች። «ሲያቃጥልሽ ንገሪኝ» ብላኝ ነበር። አቃጠለኝ፤ ይበልጥ እንዲነጣ ፈልጌ ዝም አልኩ። ቀለሙ እንደተመኘሁት ሆነ። ሲደርቅ ግን ጥቅልሉ ጠፍቶ እንደ ጭድ ቆመ፤ ሚዶ በገባ ቁጥር እየተበጠሰ ይወጣል።

በሻሽ ጠቅልዬ ወደ እማማ ዘነቡ ሮጥኩ፣ በሹሩባ ይደበቅልኛል ብዬ። ምንም ሳልናገር ተቀመጥኩ። ሻሹን ፈቱት፤ ጣታቸው ገባና ቆመ።

«ማነሽ አንቺ?» አሉ።

«እኔ ነኝ እማማ፣ ሕይወት።»

«ተይ እንጂ! የሕይወትን ፀጉር አጣዋለሁ?»

ማልቀስ ስጀምር ነው በድምፄ የለዩኝ። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ምን አደረግሽው?»

«ቀለም ተቀባሁ።»

«ቀለም ብቻ እንዲህ አያደርግም። ቅርፊቱን ልጦታል እኮ፣ ልጄ።»

«ይመለሳል?»

«ይሄኛው አይመለስም። ከሥር የሚበቅለው ግን ያው የራስሽ ነው።»

ሊሠሩት ሞከሩ፤ እየተበጠሰ እጃቸው ላይ ሲቀር ተዉት። የዚያን ዕለት ተረት አልነበረም። ሠርጉን ራሴን ሸፍኜ ዋልኩ። እናቴም ለሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ከዚያ በኋላ ሥሩ ጥቅልል ሆኖ ሲወጣ ጫፉ ጭድ እንደሆነ ቀረ። እማማ ዘነቡ ከሥር ተነሥተው ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ያቆሙና «እዚህ ደርሰናል» ይሉኛል። እኔ ግን መታገሥ አልቻልኩም፤ ጠዋት ማታ መስታወት ፊት ቆሜ እለካ ነበር። ዓመት አልፎ፣ እሳቸው ወሰኑን በጣታቸው እያሳዩኝ፣ የቀረውን ጫፍ ራሴ ቆረጥኩት። የወደቀውን ሰብስበው መዳፋቸው ላይ ያዙ።

«ለመሆኑ መልኩ ምን ዓይነት ነበር?» አሉኝ።

«ወርቅ የመሰለ» አልኩ፣ አፍሬ።

«ያምር ነበር?»

ልዋሻቸው አሰብኩ። «በጣም» አልኩ።

«እሰይ» አሉ። «እኔ እኮ ያገኘሁት ጉዳቱን ብቻ ነው።»

እማማ ዘነቡ ካረፉ ቆዩ። እኔ ዛሬ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ አንዳንዴም ፀጉሬን ቀለም እቀባለሁ። ከተረቶቻቸው አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል፤ የጅቡ እንኳ በምን እንዳለቀ እርግጠኛ አይደለሁም። ያ ጥያቄያቸው ግን አልለቀቀኝም። ሰው ያበላሸውን ነገር በእጁ ይዞ፣ ያምር ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።