የኔታ በደጃችን

ኮምፒውተሩ ሌላውን ሥራ ሁሉ ያለ ነገር ይሠራ ነበር። ፈተና አዘጋጅበታለሁ፣ የተማሪ ውጤት እደምርበታለሁ፣ ሲደብረኝም ካርታ እጫወትበታለሁ። ኢንተርኔት ላገናኘው ስል ግን ቀጥ ይላል። ማገናኛዋን ስጫን የሞደሟ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ትለወጣለች፣ አሁንስ ገባ ብዬ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው የማውሷ ቀስት ባለችበት ትቀራለች። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት እንኳ መቁጠር ታቆማለች። የከተማው ልጆች «ስታክ አደረገ» ይሉታል። እኔ የምለውን እዚህ አልጽፈውም።

ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ዳር፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ፣ ከአባቴና ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ነገር ቶሎ የሚያነደኝ ሰው ነኝ፤ እናቴ እኔን ያረገዘች ጊዜ ሚጥሚጣ አብዝታ እንደነበር ትናገራለች። ኢንተርኔቱ ለእኔ ቢሆን ኖሮ ሞደሟን ለአንዱ ሰጥቼ እገላገል ነበር። የፈለግኩት ግን ለአባቴ ነው።

አባቴ የዜማ መምህር ነበሩ። ከእስቴም ከፋርጣም የሚመጡ ተማሪዎች ከቤታችን ጀርባ ጎጆ ቀልሰው፣ ቀን ቁራሽ ለምነው፣ ከአባቴ ዘንድ ዜማ ተቀብለው ይሄዳሉ። አባቴን ራሳቸውን ያስተማሯቸው አንድ አዛውንት ነበሩ፤ እኔ ሳልወለድ ነው ያረፉት። በቤታችን የኔታ ከተባለ እኒያ ሰው ናቸው። ከየኔታ እግር ሥር ከአባቴ ጋር አብረው የተማሩ፣ አንድ ደበሎ ለሁለት የለበሱ ጓደኛም ነበሯቸው። እኒህም መሪጌታ ሆነው ከወንዙ ማዶ ይኖራሉ።

ሁለቱ ሰዎች በአንድ የዐቢይ ጾም ዜማ ተጣሉ። በዜማ ሰው ይጣላል ወይ የሚለኝ ካለ የእኛን አገር አያውቅም። ምልክቱ በብራናው ላይ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ድምፁ የት እንደሚያርፍ ግን ከመምህር አፍ ነው የሚወሰደው። አባቴ ማብቂያው ላይ ድምፁን ዝቅ አድርገው ያሳርፉታል። ጓደኛቸው ከፍ አድርገው ይይዙትና ከዚያ ነው የሚለቁት። ሁለቱም «የኔታ የሰጡኝ ይህን ነው» ይላሉ። በአንድ ጾም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሲወርዱ አንዱ ወጡ፣ ዜማው ሕዝብ ፊት ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ ቤት ለቤት መጠያየቅ ቀረ። ተዝካር ላይ ሲገናኙም ሰላምታቸው የአንገት በላይ ሆነ።

በኋላ አባቴን ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሐኪሙ ብርድ እንዳይመታቸው፣ ድምፃቸውንም እንዳያበዙ አዘዘ። የዜማ መምህርን ድምፅህን አታብዛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሱ የሚያውቅ አልመሰለኝም። አባቴ ግን የጨነቃቸው ሌላ ነበር። አንድ ቀን ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ሲሞቁ፣ «ያ የማዶው ሰውዬ እውነቱን ከሆነ ስህተቴ ከኔ ጋር አይቀበርም። ስንቱ ልጅ ይዞት ሄዷል» አሉኝ። ስለ ሌላ ነገር አወራሁ።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ የሚያገለግል የድሮ ተማሪያቸው ስልክ ደወለ። ድሮ አንድ የውጭ አገር ሰው በየደብሩ እየዞረ ዜማ በቴፕ ይቀዳ ነበር አለ። ያ ቴፕ አሁን ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል፤ የኔታም አሉበት፤ የሚሉትም ያንኑ የጾም ዜማ ነው። ልጁ ራሱ ገና አልሰማውም ነበር፤ ከእኔ በፊት እሳቸው ይስሙት ብሎ ነው። አባቴ ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝና ወደ ጓዳ ገቡ።

ከተማ ወጥቶ ከኢንተርኔት ቤት መስማት ይቻል ነበር። አባቴ ግን እንቢ አሉ። «የኔታን በጫጫታ መሐል አልሰማም» አሉ፣ በቃ። እኔ ሄጄ ድምፁን ላወርደው ሞከርኩ፤ ከገጹ ላይ የሚደመጥ እንጂ የሚወርድ አልነበረም። አድራሻውን ብቻ ይዤ፣ እኔም ከሳቸው በፊት ላልሰማው ወስኜ፣ ሞደም ገዝቼ ተመለስኩ። ጾሙ ሊገባ ቀርቧል፤ አባቴም ለተማሪዎቻቸው ዜማውን የሚሰጡበት ጊዜ ደርሷል።

ሰፈራችን ከኮረብታ ሥር ስለሆነ ኔትወርክ ቤት ውስጥ በደንብ አይገባም። እኔም ሁለት የዩኤስቢ መቀጠያ ገጣጥሜ፣ ሞደሟን በመስኮት አውጥቼ ከጣሪያው ጠርዝ ሰቀልኳት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ አንዳንዱማ በሸንበቆ ከባሕር ዛፍ በላይ ያወጣታል። ኔትወርኩ መጣ፣ የምልክቱ መስመሮች ሞሉ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ያን ያልኳችሁን ነገር ጀመረ።

አጥፍቼ አበራሁት። አንቲቫይረሱን አጠፋሁት። ቫይረስ ነው ብዬ ሁሉንም ደምስሼ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫንኩ፤ ሙሉ የፈተና ፋይሌንም አብሬ ደመሰስኩ። ሆዱን ከፍቼ አቧራውን በዶሮ ላባ ጠረግኩ፣ ሜሞሪውን ነቅዬ ጥርሱን በላጲስ ፈገፈግኩ፣ ደግሞ ሰካሁት። መብራቷ ሰማያዊ ትሆናለች፣ ቀስቷ ትደርቃለች። አባቴ አጠገቤ መደብ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አንድም ቀን «ምን ሆነ» አይሉኝም፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው ይነሡና ይሄዳሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ የራሷ ምርመራ ነበራት። «ዓይን ነው» አለች። «ጣራ ላይ ሰቅለሽ ላላፊ አግዳሚው አሳየሽው። ጸበል ጠብ ላርግበት?»

«እማዬ፣ በውሃ ልታቃጥይብኝ ነው?»

«ጸበል አያቃጥልም።»

«ይቺን ያቃጥላታል!»

ጮኼባት ነበር፤ ወዲያው አፈርኩ። እሷ ግን ሰምታኝ እንዳልሰማች ሆና ወጣች። ሐሳብ የያዘች ጊዜ እንዲህ ናት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከገበያ ስመለስ ረጅሙ የመቀጠያ ገመድ ተጠቅልሎ ችካል ላይ ተሰቅሏል። ሞደሟ ኮምፒውተሩ ጎን ላይ፣ ያለ ምንም መቀጠያ ተሰክታለች። ከአጠገቧ የጸበል ጠርሙስ ቆሟል፣ ጠረጴዛውም ረጥቧል። ደሜ ፈላ። እናቴ ረጋ ብላ «ገመዱን ውሃ እንዳይነካው ብዬ ነቀልኩት። ትንሿን እንዳትጠፋ እዚያው ሰካኋት። በጣቴ ነው የረጨሁ፣ አልደፋሁበትም» አለች። ምን አቃጥላ ይሆን ብዬ ኮምፒውተሩን አበራሁት። በእልህ ማገናኛዋን ተጫንኩ። መብራቷ ሰማያዊ ሆነች። ቀስቷን ብነቀንቃት ተነቀነቀች።

ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ገባኝ። ያ ሁሉ ቀጭን ገመድ ኃይሉን በመንገድ ላይ እየበላው፣ ሞደሟ ኔትወርክ ልትጠራ ጉልበት ስትፈልግ የሚደርሳት እያነሰ፣ ኮምፒውተሩን ይዛው ትቆም ነበር። ሽቦ በረዘመና በቀጠነ መጠን ምን እንደሚሆን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ የማስተምር እኔው ነኝ። ያልመለሰ ተማሪ ላይ ስንቴ ተቆጥቻለሁ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ የጸበሉ ሥራ ነው ትላለች፣ እኔም አልከራከራትም።

ቤት ውስጥ ኔትወርኩ እየመጣ ይጠፋል። እንግዲያው ኔትወርኩ ወዳለበት ኮምፒውተሩ ይሂድ አልኩና፣ ጠረጴዛውንም ሞኒተሩንም ተሸክሜ ደጅ አወጣሁ፤ ኤሌክትሪኩን በመስኮት ሳብኩለት። ተማሪዎቹ ለቁራሽ ወጥተው ግቢው ጭር ብሏል። አባቴ መጥተው ድንጋይ መቀመጫቸው ላይ ተቀመጡ። ገጹ እየተንቀረፈፈ ተከፈተ። መጀመሪያ የቴፕ ሽውታ ተሰማ፣ ከዚያ የሰው ሳል፣ ከዚያ የኔታ።

አባቴ ቆባቸውን አወለቁ። ድምፁ የሽማግሌ ቢሆንም ጽኑ ነበር። እኔ ያን ዜማ አውቀዋለሁ። ጉባኤ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ ግን ግድግዳችን የጭቃ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሙሉውን ሰምቼዋለሁ፤ ተማሪ ሲስት ጓዳ ሆኜ እናደድ ነበር። ስለዚህ ማብቂያው ሲቃረብ ከአባቴ እኩል ነው የጠበቅኩት። ያን ሁሉ ሳምንት ስረግመው የኖርኩትን ነገር ያን ጊዜ ለመንኩ። አሁን ስታክ አድርግ፣ እዚህ ላይ ቀጥ በል አልኩት በሆዴ። አላደረገም። የኔታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያዙት፣ እዚያው ላይ ቆዩ፣ ከዚያ ለቀቁት።

«ድገሚው» አሉ አባቴ። ደገምኩት። ሦስተኛም አሰሚኝ አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ማሰማት ጀመሩ፤ ከየኔታው ጋር ሊያስተያዩት መሰለኝ። ማብቂያው ላይ ሳይደርሱ ትንፋሻቸው አለቀ። ያላቸውን ጉልበት አሰባስበው ዳግመኛ ጀመሩ፣ እንደገና አለቀ። አላስቻለኝም። ከቆሙበት ተቀበልኩና አባቴ እንደሚያስተምሩት፣ ዝቅ አድርጌ አሳረፍኩት።

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ሰጠሽ?»

«አንቱ። በግድግዳው።»

«ደህና አርገሽ ይዘሽዋል» አሉ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነበር፣ ለተማሪ እንደሚናገሩት። «ምንም አልቀረሽ። ስህተቴም አልቀረሽ።»

አለቀስኩ። አባቴ ዜማዬን ሲያደምጡ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ስህተታቸውን ጥርት አድርገው የሰሙትም በእኔው አፍ ነው። ደስታውና ሐዘኑ አንድ ላይ መጥቶ አንዱን ከአንዱ መለየት አቃተኝ። አባቴ አላባበሉኝም። «አልቅሰሽ ስትጨርሺ እንደሳቸው በይው» አሉ።

ቀላል አልነበረም። ምላሴ የአባቴን መንገድ ለምዶ ማብቂያው ላይ ሲደርስ ራሱ ይወርዳል። «ተመለሽ» ይላሉ። እመለሳለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የኔታን አሰማለሁ፣ ተከትዬ እላለሁ፣ እወድቃለሁ። «ተመለሽ።» ለሌላ ሰው ቢሆን ነድጄ ጥዬው እነሣ ነበር። ተማሪዎቹ ከቁራሽ ተመልሰው አጥሩ ሥር ተኮልኩለው ዝም ብለው ያዩናል። ፀሐዩ ሲዘቀዝቅ ነው አባቴ «ይኸው» ብለው ቆባቸውን የደፉት።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ወንዙ ማዶ ሄድን። በመንገድ ላይ «ለዘንድሮዎቹ ልጆች ዜማውን እሱ ይስጣቸው» አሉኝ።

«የሄዱትስ?» አልኩ።

«እነሱማ በየደብሩ እያሳረፉት ነው» አሉና ትንፋሽ ሊወስዱ ቆሙ።

መሪጌታው ደጃቸው ላይ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ፤ አባቴ በእጃቸው ከለከሏቸው። ስንት ዘመን ተኳርፈው እንዴት ሰነበትክ እንኳ አልተባባሉም። «እኔ ትንፋሽ የለኝም» አሉ አባቴ። «ከልጄ ስማው።»

ቆሜ አልኩት። ማብቂያው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያዝኩት፣ እዚያው ላይ ቆየሁ፣ ለቀቅኩት። መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ረታሁ ይላሉ፣ ይኮራሉ ብዬ ነው የጠበቅኩት። ዓይናቸውን ሲገልጡ ግን ያዩት እኔን ነው።

«ይችን ማን አስተማራት?»

«የኔታ» አሉ አባቴ።

መሪጌታው አባቴን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው መደቡ ላይ ወደ ዳር ጠጋ አሉና ለሁለታችን ቦታ ለቀቁልን።