የአባባ ደብር

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ ቋጥሬ የአምስት ዓመት ልጄን ወደ ቀሃ ወንዝ ሽርሽር ይዣት ወጣሁ። ጎንደር መቼም ደብሩ ብዙ ነው። «አባባ» የምትላቸው ቄሱ አማቼ ደግሞ በየደጁ መሳለም አስለምደዋታል። እየተሳለምን መንገዱ አልገፋ አለኝ።

ከአንድ ትልቅ የእንጨት በር ስንደርስ ሮጣ ተንበረከከች። ጠጅ ቤት ነው!

«ተነሽ፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም!»

«ነው! የአባባ ደብር ነው።»

የአባባ ደብርማ ከተማው ማዶ ነው። እጇን ልጎትት ስል አንድ የደጋ ባላገር ከበቅሎው ወርዶ ከጎኗ ተደፋ። አብረውት የመጡት ሴቶችም ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉት። አንዴ ከሳሙት በኋላ «ጠጅ ቤት ነው» ብዬ እንዴት ላሳፍራቸው?

ባላገሩ ቀና ብሎ ታዘበኝ። «ምነው ጌታው፣ አይሳለሙም?»

ምን ላድርግ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ በሩን ሳምሁ።

ይሄኔ በሩ ከውስጥ ተከፈተና አማቼ ጢማቸውን እየጠረጉ ብቅ አሉ። ሁላችንንም ተደፍተን ሲያዩን ድንግጥ እንኳ አላሉም። መስቀላቸውን ከካባቸው ሥር አውጥተው በየተራ አሳለሙን፤ ከዚያም ልክ እንደ ቅዳሴው፣

«እትዉ በሰላም» ብለው አሰናበቱን።