እንዝርት ላይ የቀረ ፈትል

መቼ እንደሆነ በውል አላስታውሰውም። የባለቤቴ ተዝካር ወጥቶ፣ ክረምቱ አልፎ፣ ገብሱ ታጭዶ ነበር፤ ግን ያረፈችበት ዓመት ይሁን ወይ የሚቀጥለው፣ ልቤ አይቆርጥልኝም። ብቻውን የሚኖር ሰው ዘመኑ ይደባለቅበታል። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀው የለማ።

ቤቴ ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ልጆቻችን አድገው ከተማ ገብተዋል። ስልክ ይደውላሉ፣ «አባዬ፣ እንዴት ነህ?» ይላሉ፣ «ደኅና ነኝ» እላለሁ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

ባለቤቴ ስትታመም ለእኔ ጋቢ የሚሆን ጥጥ እየፈተለች ነበር። ጥጡ በደጀን በኩል ከበረሃው የመጣ ነው፤ ራሷ ዳምጣ ራሷ ነድፋ ጀመረችው። የደረሰላት ለጋቢ ቀርቶ ለአንገት ልብስም አይበቃም። አንድ ልቃቂት፣ እንዝርቱ ላይ ደግሞ ጅምሩ። እንዝርቱን ከነክሩ ራስጌዬ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ማታ ማታ የዋልኩበትን እነግረው ነበር፤ የበሬውን ማነከስ፣ የአጥሩን መፍረስ። ምን ልበላችሁ፣ የሚያዋራው ያጣ ሰው እንዲህ ይሆናል። ክሩን ግን በጣቴ አልነካውም። በሷ ጣት የከረረ ነው፤ የእኔ ሻካራ እጅ የሚያላላው እየመሰለኝ እፈራ ነበር።

ለሸማኔ ስጠው ያሉኝ ነበሩ። «ከሌላ ፈትል ጋር አዳብሎ ይሠራዋል» አሉኝ። ከሌላ ሴት ፈትል ጋር ከተዳበለ በኋላ የእሷ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? እምቢ አልኩ።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ፊት ለፊቴ የሚነደውን ጧፍ አየሁት። ሰሙ ውስጥ ያለው ክር እኮ ነው። በእኛ አገር ጧፍ ከቤት ፈትል ነው የሚሠራ። የባለቤቴም ክር የሚገባው እዚህ ነው አልኩ በልቤ። ለማርያም ዕለት ላደርሰው ተሳልኩና ከገበያ ሰም ገዛሁ። ሰሙን በጣሳ አቅልጬ፣ ከልቃቂቱ ትንሽ ክር በጥሼ ነክሬ አወጣሁ። ቢደርቅ እንደ እርጥብ ሣር ተጣጠፈ። ለኮስኩት፤ ቦግ ብሎ ጠፋ።

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ ታናሽ እህት ልትጠይቀኝ ከይጁቤ መጣች። ዋርሳዬ ናት፣ እሷም እኔን ዋርሳዬ ትለኛለች፤ አፏ አያርፍም። ገና ሳትቀመጥ ከመደቡ ላይ የሠራሁትን አነሣችው።

«ዋርሳዬ፣ ይኼ ምንድን ነው? የቢንቢ እግር ነው?»

«ጧፍ ነው።»

«ጧፍስ አይደለም። ክሩን ስንት አድርገው ደረቡት?»

«አልደረብኩትም።»

«ኧረ ለምን? ነጠላ ክር ሰም ይሸከማል?»

ያልደረብኩት እንዳያልቅብኝ ነበራ። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ እንዝርቱን አየችና ገባት።

«ለእመቤታችን ይሰስታሉ እንዴ?» ብላ ሳቀች። «እህቴም ቋጣሪ ነበረች። ስስታም ከስስታም ነው የተጋባችሁ።» ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም።

«ካለቀ ምን ይቀረኛል?» አልኳት። ይኼን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ጣሳውን አነሣችና «ሰሙን ልጣደው?» ብቻ አለች።

ልቃቂቱን ፈታነው። እኔ በሩ ጋ አንዱን ጫፍ ያዝኩ፣ እሷ ምድጃው ጋ ሌላውን፤ ደራርበን ገመድነው። እሷ እየነከረች ታወጣለች፣ ጣውላ ላይ በመዳፏ ታድበለብለዋለች። አሁን ቀጥ ብሎ ቆመ። ልቃቂቱ አለቀና የእንዝርቱ ቀረ።

«አንቺው ምዘዢው» አልኳት።

«አልመዝም። እኔ ከመዘዝኩት ዕድሜ ልክዎን ይቀየሙኛል። እርስዎ ይምዘዙት፤ ካላሰኘዎትም ይተዉት፣ የሠራነው ይበቃል።»

ይተዉት ማለቷ ነው እጄን ያንቀሳቀሰው። መዘዝኩት። እንዝርቱ እጄ ውስጥ ወደ ኋላ እየዞረ ለቀቀው። ክሩ አልላላም፣ አልተበጠሰም፤ የባለቤቴ ፈትል እኔ ከማስበው ይልቅ ጠንካራ ነበር። መጨረሻ ላይ ባዶ እንጨት ይዤ ቀረሁ። አለቀስኩ። ዋርሳዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰሙን ታማስል ነበር። ሰም መማሰል እንደማያስፈልገው ሁለታችንም እናውቃለን።

የማርያም ዕለት ጧፎቹን ይዘን ሄድን። ዋርሳዬ በሴቶቹ በኩል አንዱን አብርታ ቆመች፣ እኔ በወንዶቹ በኩል። ሰሙ ጣቴ ላይ ሲንጠባጠብ አላራገፍኩትም። እሳቱ ጣቴ ጋ ሲደርስ «ነፍስሽን ይማር» አልኩ። ባለቤቴን እንደ ሞተ ሰው ስጠራት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ብቸኝነቱም አልሄደም። አሁን ሲመሽ ዝም ብዬ እተኛለሁ፣ ለግድግዳ አላወራም። የባለቤቴን መሄድ ግን አውቄዋለሁ፤ ያወቁት ነገር ይሸከሙታል። ዋርሳዬን መኪና ላሳፍራት ስወርድ ዓይኗ አብጦ አየሁት። ለካስ እኔን ስታባብል እሷም እህቷን እየሸኘች ኖሯል፤ የእሷን ሐዘን የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

ማን አጽናናህ የሚለኝ ሰው ልጆቼን ወይ የነፍስ አባቴን የምጠራለት ይመስለዋል። እነሱንም እግዜር ይስጣቸው። ያንን ሐዘን ያሻገረችኝ ግን የባለቤቴ ታናሽ እህት፣ የይጁቤዋ ዋርሳዬ ናት።